መሸኛ ለሌለው ተፈናቃይ መታወቂያ ይሰጠው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፤

ደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር ራፖር ጸሐፊ ነኝ። መጀመሪያ በእስክሪብቶና በካርቦን ወረቀት፣ አሁን ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ ኮምፒውተር ዘርግቼ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻና አቤቱታ በመጻፍ ልጆቼን አሳድጌአለሁ። የዱሮ ደንበኞቼ የወሰን፣ የውርስ፣ የቀለብና የፍቺ ጉዳይ ያላቸው ነበሩ። እነሱም አልቀሩም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከፊቴ የሚቀመጠው አብዛኛው ሰው ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ነው። ወይ ቻይና ካምፕ፣ ወይ ወይንሸት፣ ወይ ባቄሎ መጠለያ አለ፤ ወይም ጠባሴ አካባቢ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ተከራይቶ በቀን ሥራ ይኖራል። የሚያጽፉኝም ከቀን ወደ ቀን አንድ ዓይነት እየሆነ መጥቷል፤ «ጉዳዩ፦ የነዋሪነት መታወቂያ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» የሚል።

ሰሞኑን ስለ ስደተኞች ብዙ ይወራል። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ገንዘብ አጥሮት በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ለ780,000 ስደተኞች የሚሰጠውን ቀለብ ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ አውርዷል። ቀድሞም ሙሉ ያልነበረ ቀለብ ነው። አገራችን ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች አስጠግታለች። በእኛው ክልል እንኳ ዳባት ውስጥ ዓለምዋጭ ላይ ኤርትራውያን አሉ፤ በመተማ በኩል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የገቡ ሱዳናውያን አሉ። የእነዚህ ሰዎች ቀለብ ሲቆረጥ አዝናለሁ። «የራሳችን ተፈናቃይ እያለ ለባዕድ ምን ይሰጣል» የሚል ወሬ በየሻይ ቤቱ ሲነገር እሰማለሁ፤ አልቀበለውም። ከስደተኛው ተቀንሶ ለተፈናቃዩ ይሰጥ አልልም። ለስደተኛው በሕግ የተጻፈለት አንድ ነገር የገዛ አገሩ ዜጋ ሲያጣው በየቀኑ ስለማይ ነው የምጽፈው። ያም ነገር ወረቀት ነው።

የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ ሥራዬ ነውና አንብቤዋለሁ። ስደተኛ የመታወቂያ ወረቀት ያገኛል ይላል። ሠርቶ ይበላል፣ ልጁን ያስተምራል፣ የባንክ ሒሳብ ይከፍታል፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣል ይላል። ከዚያም በፊት የወሳኝ ኩነት ምዝገባው አዋጅ ቁጥር 760/2004 በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 ተሻሽሎ ስደተኞችን እንዲያካትት ተደርጓል፤ ከ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ በስደተኛ መጠለያ የሚወለድ ሕፃን ልደቱ ይመዘገብለታል። ተግባሩ ከጽሑፉ እንደሚዘገይ አውቃለሁ፤ በተለይ ኤርትራውያን ለመመዝገብ ብዙ ተንገላተዋል። ቢሆንም ሕግ አውጪው አንድ ነገር አስተውሏል። ሰው ከሸሸበት አገር ማስረጃ ይዘህ ና ሊባል አይችልም። ስለዚህ ማስረጃውን የሚሰጠው ያስጠጋው አካል ነው።

የእኛ ተፈናቃይ ግን ከሸሸበት ቀበሌ መሸኛ ይዘህ ና ይባላል።

በቅርቡ አንዲት እናት መጣች፤ ከምሥራቅ ወለጋ፣ ከጊዳ አያና ወገን ናት። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ውስጡ ሁለት ወረቀት ነበረ። አንዱ የድሮ መታወቂያዋ ነው፤ በቁቤ የተጻፈ፣ ላስቲኩ ከጠርዙ የተላቀቀ፣ ፎቶው በላብና በዝናብ ተበልቶ ግንባሯና ሻሿ ብቻ የሚታይ። ሌላው የልጇ የክትባት ካርድ ነው። ልጁ የተወለደው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ካርዱ ላይ የጤና ተቋሙ ማኅተም አለ፣ ቀኑ አለ፣ ክብደቱ አለ፣ የእናት ስም አለ። ትምህርት ቤት የልደት ምስክር ወረቀት አምጪ አላት። ቀበሌ ሄደች። ቀበሌው እናትየው የዚህ ነዋሪ አይደለችም፣ ልደት የሚመዘገበው ወላጅ በሚኖርበት ነው አለ። ነዋሪ አድርጉኛ አለች። ከነበርሽበት ቀበሌ መሸኛ አምጪ ተባለች።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «መሸኛውን ማን ይጽፍልኛል? ሊቀ መንበሩ ከኛው ጋር አይደል የሸሸው! እሱም ባቄሎ ነው ያለ፤ ድንኳኑ ከኛ ድንኳን ሦስተኛ ነው። ማኅተሙስ ቢሆን ከቢሮው ጋር ተቃጥሏል።»

ጻፍኩላት። ከየት እንደመጣች፣ ለምን እንደመጣች፣ ልጁ የት እንደተወለደ፣ መሸኛ ማምጣት የማትችልበትን ምክንያት ዘርዝሬ፣ የክትባት ካርዱን ኮፒ አያይዤ ሰጠኋት። በማግሥቱ ይዛው ተመለሰች። ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «መሸኛ ስታቀርብ ትስተናገድ» ተብሎ ተመርቶበታል። ደንቡ እንዲህ ስለሚል የቀበሌውን ጸሐፊ አልኮንነውም። መሸኛ የተባለው አሠራር ለሰላም ጊዜ ጥሩ ነው፤ አንድ ሰው ከመርሐቤቴ ወደ ደብረ ብርሃን ቤቱን ሲያዛውር እዳ እንዳለበትና እንደሌለበት ያሳያል፣ ሁለት ቦታ መታወቂያ እንዳይዝ ይጠብቃል። ነፍሱን ይዞ በሌሊት ለወጣ ሰው ግን አልተሠራም።

መታወቂያ የሌለው ሰው ምን እንደሚደርስበት የማያውቅ አንባቢ ይኖራል፤ መታወቂያ ላለው ሰው ነገሩ አይታሰበውምና። ሲም ካርድ ማውጣት አይችልም፤ የሌላ ሰው ሲም ይዞ ይዞራል፣ ባለቤቱ ሲፈልግ ያዘጋበታል። ዐረብ አገር ያለች እህቱ ገንዘብ ብትልክለት ባንክ ገብቶ መቀበል አይችልም፤ በሰው ስም ያስልካል፣ የተቀበለለትም ሰው ሁልጊዜ ታማኝ አይደለም። አከራይ መታወቂያ ይጠይቃል። ፋብሪካዎች በራፍ ላይ ቅጥር ሲለጠፍ መታወቂያና ዋስ ይባላል፤ ዋስ የሚሆነው ሰው ደግሞ ራሱ መታወቂያ ያለው መሆን አለበት። ስለዚህ በጉልበቱ ጠንካራ የሆነ ወጣት የሚቀረው ማውረድና መጫን፣ ጠጠር መፍለጥ ነው፤ ቀጣሪው ደመወዙን ቢከለክለው እንኳ ለመክሰስ ማንነቱን የሚያሳይበት የለውም። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ቢነሣ ኬላ ላይ መታወቂያ ይባላል። የወለጋውን መታወቂያ ካሳየ የሚቀጥለውን ጥያቄ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ የከበደኝ የሞት ጉዳይ ነው። ባሎቻቸው የተገደሉባቸው ሴቶች አሉ። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ ያለቀውን ሕዝብ አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም በሌሎች ቀበሌዎች የሞቱ አሉ። ሚስት ለልጆቿ ሞግዚትነት ለማሳወጅ፣ ወራሽነት ለማረጋገጥ፣ ባልየው ባንክ ትቶት የሄደውን ጥቂት ገንዘብ ለማውጣት፣ እንደገና ለማግባት እንኳ የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋታል። ሕጉ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። በ30 ቀን ውስጥ እነዚህ ሴቶች የት ነበሩ? ጫካ ለጫካ ልጅ አዝለው ነበሩ። ከዚያ ደብረ ብርሃን ደርሰው በማያውቁት ውርጭ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ከቆላ የመጣ ሰው የእኛን ከተማ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እንዴት እንደሚያድር የአገሬው ሰው ያውቃል። አንዷ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ ስጽፍላት «ሟች የሞቱበት ቀን» ላይ ስደርስ ቆምኩ። ቀኑን አላወቀችውም። «የጤፍ አጨዳ ላይ ነን» አለች። እኔ ቀን ካልጻፍኩ መዝገብ ቤት አይቀበለኝም። በቦታው የነበሩ ሁለት ሰዎች ተጠርተው ተቀምጠው የቅዱስ ሚካኤልን ዋዜማ ቆጥረው ቀኑን አገኙት። እነዚያ ሰዎች ምስክሮች ናቸው። እንዲህ ያለ ምስክር በየመጠለያው ሞልቷል፤ የጠፋው የሚቀበላቸው ነው።

ለምን አይሰጥም ስል ከጠየቅኋቸው ኃላፊዎች ሦስት ዓይነት መልስ እሰማለሁ። አንደኛው ማጭበርበር ይበዛል የሚል ነው። እውነት አለው፤ ተፈናቃይ ነኝ ብሎ የሚመጣ የአገሬው ነጋዴ አይጠፋም። ግን ለዚህ መጠለያው ውስጥ መዝገብ አለ። ስንዴና ዘይት ሲታደል የቤተሰቡ ኃላፊ ስም፣ የልጆቹ ቁጥር፣ የመጣበት ወረዳና ቀበሌ ተጽፎ፣ በአሻራ ተፈርሞ ነው። ለስንዴ የታመነ መዝገብ ለመታወቂያ የማይታመንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው መልስ ከተማው አይችላቸውም የሚል ነው። መታወቂያ ከሰጠን ቦታ ይጠይቃሉ፣ የቀበሌ ቤት ይጠይቃሉ ይባላል። ይህን የሚለው ሰው ክፉ አይደለም፤ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ውስጥ ይኖራል። ሆኖም ሰዎቹ መታወቂያ ኖራቸው አልኖራቸው እዚሁ ናቸው። ከቧንቧው ይቀዳሉ፣ ከወፍጮው ያስፈጫሉ፣ ከገበያው ይሸምታሉ። የመኖሪያ ቦታ ጉዳይ ለብቻው ሕግ አለው፤ መታወቂያ የያዘ ሁሉ ቦታ ቢያገኝ ኖሮ እኔም በኪራይ ቤት ባልኖርኩ።

ሦስተኛው መልስ «ወደ ቀያቸው ስለሚመለሱ አያስፈልግም» ይላል። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2016 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ ወለጋ የተመለሱ አሉ። ከእነሱ መካከል ተቋቁመው የቀሩ ይኖራሉ፤ እግዜር ያቁማቸው። ስጋቱ አልለቀቀንም ብለው ዳግም ወደ ደብረ ብርሃን የመጡም አሉ። ዳግም የመጣ ሰው ከሁሉ የባሰ ነው፤ «ተመልሷል» ተብሎ ከመዝገብ ተሠርዟልና የቀለብ ካርዱም የለውም። አንድ ሽማግሌ እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲያጽፉኝ «ልጄ፣ እኔ አሁን የት አለሁ ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ሕግ መመለስን በፈቃድ ያደርገዋል። አውቆ፣ ተማክሮ፣ ወይ መመለስ፣ ወይ ባለበት መኖር፣ ወይ ሌላ ቦታ መስፈር የሰውየው ምርጫ ነው። ሰው ቢመለስም ባይመለስም እስኪመለስ ድረስ ያለው ዘመን ከዕድሜው ይቆጠራል። አንደኛ ክፍል ሆኖ የመጣ ልጅ ለስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ደርሶ ፎርሙ ላይ የሚሞላው የትውልድ ማስረጃ እያጣ ነው።

ለተፈናቃዮቹም ራሳቸው የሚያስፈራቸው ነገር አለ፤ ይህን የማይናገሩት ብዙዎች ናቸው፣ ለእኔ ግን ይነግሩኛል። «የደብረ ብርሃንን መታወቂያ ከያዝኩ ወለጋ ያለው መሬቴ ቀረ ማለት ነው ወይ?» ይላሉ። ቡናቸው እዚያ ነው፣ የማር ቀፎአቸው እዚያ ነው፣ የአባታቸው መቃብር እዚያ ነው። በዚህ ፍርሃት የተነሣ መታወቂያ ቢሰጣቸው እንኳ ለመውሰድ የሚያመነቱ አባወራዎች አሉ። መንግሥት በግልጽ ሊነግራቸው ይገባል፦ ተገፍቶ የወጣ ሰው መሬቱን እንደተወ አይቆጠርም፤ እዚህ መታወቂያ መያዝም እዚያ ያለውን መብት አይሽርም። ይህ በመመሪያ ተጽፎ ካልወጣ በቃል ብቻ ማንም አያምንም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ዋናው ነገሬም ይህ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ስምምነት፣ የካምፓላ ስምምነት የሚባለው፣ በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ካምፓላ ላይ ወጥቷል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃዋለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 አገሪቱ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። የስምምነቱ አንቀጽ 13 የተፈናቃዮች መዝገብ ይያዝ፣ መታወቂያ፣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ይሰጣቸው ካለ በኋላ፣ በመፈናቀል ጊዜ የጠፋ ወይም የወደመ ሰነድ ሲተካ ምክንያታዊ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ አይቀመጥ ይላል። የቅድመ ሁኔታውንም ምሳሌ ራሱ ሰጥቷል፦ ሰነዱን ለማግኘት ወደ ቀድሞ መኖሪያህ ተመለስ ማለት። በየማመልከቻው ኅዳግ ላይ በቀይ የሚጻፈው እንግዲህ ስምምነቱ በስም ጠርቶ የከለከለው ነገር ነው። አንቀጽ 9 ደግሞ ተፈናቃዩ ትቶት የሄደውን ንብረት መንግሥት እንዲጠብቅ ያዛል፤ የመሬቱን ፍርሃት የሚመልሰው ይኸው ነው። ይህን አንቀጽ ጠቅሼ የጻፍኩት ማመልከቻ አንድም ጊዜ በአንቀጹ ላይ መልስ አልተሰጠበትም። ውድቅ ነው እንኳ አልተባለም፤ እንዳልተጻፈ ነው የታለፈው።

የፋይዳ መታወቂያ መጥቷልና ችግሩ ተቃልሏል የሚሉ አሉ። ፋይዳ ጥሩ ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ ነው፣ ማስረጃ የሌለውም ሰው በምስክር ሊመዘገብ የሚችልበት በር አለው፤ ተፈናቃይ ለሆነ ሰው ሁሉ ተመዝገብ እላለሁ፣ የሚመዘግቡትንም ወጣቶች ወደ መጠለያው ይዘው እንዲገቡ እለምናለሁ። ባንኮችም ፋይዳ እየጠየቁ ስለሆነ ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። የልደትና የሞት ምዝገባ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ያላገባ ማስረጃ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ግን አሁንም የሚወጣው ከቀበሌ ነው። ቀበሌም ነዋሪዬን እንጂ ይላል። ፋይዳ የያዘች ያቺ የጊዳ አያና እናት ልጇን ማስመዝገብ አልቻለችም።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም፤ በጀትም የሚፈልግ አይመስለኝም። የመጠለያው መዝገብ ላይ ያለ፣ ከአንድ ቀበሌ የመጡ ሦስት የሚታመኑ ሰዎች የሚመሰክሩለት ተፈናቃይ፣ መሸኛ ሳይጠየቅ ባለበት ቀበሌ ይመዝገብ የሚል አንድ ደብዳቤ ከክልል እስከ ቀበሌ ይውረድ። ከመጠለያ ውጭ ተከራይቶ ያለውም እንዳይረሳ፤ እንዲህ ያለው ብዙ ነው፣ መዝገብ ላይም ያልሰፈረው እሱ ነው። ካርዱ ላይ «ተፈናቃይ» ተብሎ እንዳይጻፍበት አደራ እላለሁ፤ ኬላ ላይ፣ ቅጥር ላይ፣ ቤት ኪራይ ላይ ዕዳ ይሆንበታል። እንደማንኛውም ነዋሪ ይጻፍ። ቀኑ ያለፈበት የልደትና የሞት ምዝገባ ያለ ቅጣት ይከፈት። የሸሹ የቀበሌ ሊቃነ መናብርትና ጸሐፊዎች በየመጠለያው አሉና እነሱ ተሰብስበው ሕዝባቸውን ቢለዩ ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

ይህን የምለው ለሌላ አገር ሰው አይደለም። የሰሜን ሸዋ ሰው መፈናቀልን በዓይኑ አይቶታል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል የቤቱን በር ሳይዘጋ ወደ ዘመዱ የወጣው የእኛው ወገን ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በጣርማ በር በኩል በእግሩ ወደ ደብረ ብርሃን ሲተም የነበረውን ሕዝብ አስታውሳለሁ፤ በየቤታችን ምንጣፍ አንጥፈን ነው ያሳደርነው። ያኔ እኔ ቤት ላረፉት ማንም መሸኛ አልጠየቃቸውም፤ ቶሎ ስለተመለሱም ወረቀት አላስፈለጋቸውም። የወለጋው ሰው ግን ዓመታት ቆይቷል፤ በምንጣፍና በእንጀራ ብቻ የሚያልፍ ጊዜ አይደለም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁን የምለምነው ይህን ነው። የነዋሪነትና የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚመለከተውን የክልሉን ቢሮ፣ የካምፓላ ስምምነት አንቀጽ 13 በደብረ ብርሃን ቀበሌዎች ለምን አይሠራበትም ብላችሁ ጠይቁልን። አሠራሩ ተለውጦ ከሆነ ከመቼ ጀምሮና በየትኛው ደብዳቤ ቁጥር እንደሆነ ይንገሩን። መልሳቸውን ካተማችሁ ኮፒውን ከየማመልከቻው ጋር አያይዤ ለቀበሌዎቹ አቀርበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ራፖር ጸሐፊ፣ ከደብረ ብርሃን